አሸዋ በዶላር

ጥፋቴ ከናሚቢያ በተመለስኩ ማግስት ጀበና ቡናው ጋ መውጣቴ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቢያንስ ሦስት ቀን ቤቱ ይከተታል፤ ፊቱን ቅባት ያስነካል፤ ወሬውን ለሚስቱ ደጋግሞ ነግሮ ውሸቱን ካስለቀመ በኋላ ነው ለሰፈር የሚታየው። እኔ ግን የአፍንጫዬ ቆዳ እየተላጠ፣ በጫማዬ ቀይ አሸዋ እንደያዝኩ፣ የሐምሌ ዝናብ ከሚደበድበው ሸራ ሥር በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ።

ባለ ጀበናዋ ከረከቦቱ ላይ ቀና አለች። «እንኳን ደህና መጣህ። ሄደህ ነው ወይስ ተቆልተህ?»

«ተቆልቼ ነው። ያንቺን ቡና ያህል ግን አላረርኩም።»

ይህ ሰላምታ ነው። እኛ ሰፈር ተረብ ሳይቀመስ ሲኒ አይነሳም። የዕለቱ ችሎት ሦስት ዳኞች ነበሩት፦ ባለ ጀበናዋ፣ ተራ እስኪደርሰው ከሚኒባሱ ወርዶ እግሩን የሚያፍታታው ረዳት፣ እና ከ20 ዓመት በላይ የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለሱት ጡረተኛው ጋሽ ሾፌሩ። ተከሳሹ እኔ ነኝ። ክሱም ገንዘብ ከፍሎ፣ ያውም በቡድን፣ ያውም በአስጎብኚ እየተመሩ በረሃ አይቶ መምጣት።

ጋሽ ሾፌሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉ። ማርሽ ሲቀይሩ እንዲህ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ከ20 ዓመት በላይ በረሃ አይቻለሁ። አበል እየተከፈለኝ! አንተ ከፍለህ አየኸው?»

ሳቁ ከበርጩማ በርጩማ ዞረ። ረዳቱ የማያውቀውን ሰው ትከሻ እየመታ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እርስዎ በረሃ አላዩም» አልኳቸው። «በረሃው ነው እርስዎን ያየዎት። እርስዎ ያን ሁሉ ዓመት ያዩት ከፊት የሚሄደውን ተሳቢ መቀመጫ ነው።»

«እሺ፣ አንተስ? አሸዋ ከማየት በቀር ምን ፈየድክ?»

«አሸዋውን አይናቁት፤ ታላቅዎ ነው። ናሚብ ይባላል፤ አገሩም ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ከምድር በረሃዎች ሁሉ አንጋፋው ይሉታል፤ 55 ሚሊዮን ዓመት ይገምቱለታል። ክምሩ ከ300 ሜትር በላይ የሚቆም አለ። ቀይ የሆነውም አሸዋው ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ነው።»

«እንደ ጋሼ ተሳቢ!» አለ ረዳቱ።

«ሰውስ አለበት?» አለች ባለ ጀበናዋ።

«አገሩ የኛን ሦስት አራተኛ ያህላል። ሰዉ ግን 3 ሚሊዮን ገደማ ነው።»

ረዳቱ አዘነ። ከልቡ አዘነ። «ታዲያ ታክሲው ምን ይጭናል?»

ይህንን ዙር በነጥብ አሸነፍኩ ብዬ ሲኒ ሳነሳ ባለ ጀበናዋ ከጎን መጣች። ኪሴን ታውቀዋለች፤ የዱቤ ደብተሯ ውስጥ ስሜ አለ። «ለመሆኑ ማን ከፈለልህ?»

የሜሪላንዷ እህቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሌሊት ተረኛ ነርስ ሆና ሠርታ፣ ጡረታ በወጣችበት ዓመት ‹ከእንግዲህ የምነቃው ለአንበሳ ብቻ ነው› አለች። የቡድን ጉዞ ስታጠያይቅ ታዲያ አንድ ነገር አናደዳት። ዋጋው የተሠራው ሁለት ሰው አንድ ክፍል ያድራል ተብሎ ነው። ብቻውን የሚተኛ ሰው ለብቸኝነቱ ተጨማሪ ይከፍላል። ‹ባል ስለሌለኝ ቅጣት ልክፈል?› ብላ ስልክ ደወለችልኝ። ባዶው አልጋ ላይ እንድተኛ ነበር የተጋበዝኩት።

ባለ ጀበናዋ ይህንን ሰምታ ጀበናዋን አስቀመጠች። እጇ ነፃ መሆን ነበረበት። «እንግዲያው እንግዳ ሆነህ አልሄድክም በለኛ። ቅናሽ ሆነህ ነው የሄድከው!»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ ቅናሹ ሆኗል።

ቀጥሎ ረዳቱ ተነሳ። ልጁ ሲናገር አንድ እጁ ሁልጊዜ የሌለ በር ይይዛል። «ፋዘር፣ ስንት ነበራችሁ አንድ መኪና ውስጥ?»

«12።»

«12 ሰው አንድ መኪና ላይ ተጭኖ፣ አንዱ ከፊት ቆሞ እየለፈለፈ! ይሄ እኮ እኛ ጋ ሚኒባስ ይባላል። ከመገናኛ ሜክሲኮ በሳንቲም አስጎበኝህ አልነበር?»

«ያንተ ሚኒባስ 12 ተብሎ 18 ይጭናል። አንተ ያስጎበኘኸኝ የዱር እንስሳ ደሞ አንድ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ውስጥ ለውስጥ የሚሰወረው ሾፌርህ።»

ነገሩን ግን በቁም ነገር መለስኩለት። እዚያ አገር መኪና ተከራይቶ ብቻውን የሚዞር ቱሪስት ሞልቷል። ለኛ ሰው ግን መንገዱ በግራ፣ መሪው በቀኝ ነው። ከዋናዎቹ መንገዶች ከወጣህ አብዛኛው ጠጠር ነው፤ ይህን ያህል ይፈቀዳል ተብሎ በተፈቀደው ልክ የሄደ ሰው ኩርባ ላይ ከሰማይ ጋር ይተዋወቃል። ጎማህ ቢፈነዳ ‹ወንድሜ ክሪክ ይዘሃል?› የምትለው ሰው እስኪመጣ ጥላህ ሁለት ጊዜ ይዞራል።

ሶሱስፍሌይ ወደሚባለው በአሸዋ ተራራ የተከበበ ሜዳ ስንሄድ ይህንን በዓይኔ አየሁት። ሴስሪም ከሚባለው በር ጀምሮ 60 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ ሰው ይዘናጋል። የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር ግን ለስላሳ አሸዋ ነው። እዚያ ላይ አንድ ጎልማሳ ፈረንጅ የተከራያት መኪና እስከ ሆዷ ሰምጣ፣ እሱ በሾርባ ሳህን አሸዋ ይዝቃል። ሚስቱ ካርታ ይዛ ቆማለች፤ ካርታው ግን የት እንደሰመጡ እንጂ እንዴት እንደሚወጡ አይነግራትም። የኛ ነጂ ወረደና—

«ጎማውን አስተነፈሰ» አሉ ጋሽ ሾፌሩ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሌላ ምን ያደርጋል? ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ጠፍጠፍ ይልና አሸዋውን ይረግጠዋል። ሙሉ ጎማ ቆፋሪ ነው።» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ። ነጥብ መዝጋቢ ቢኖር እዚህ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። እኔ አላደረግኩም።

«ደግሞ» አልኩት ረዳቱን፣ «በቡድን መሄድ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነብን? እናትህ ቁልቢ የሄዱት ብቻቸውን ነው? ግሸን ማርያም የሚሄደው አውቶቡስ ምንድን ነው? ሰብሳቢ አለው፤ መዝሙር የሚያወጣ አለው፤ ዳቦ ቆሎ የሚያድል አለው፤ በየፌርማታው ‹ሰው ጎደለ› ብሎ የሚቆጥር አለው። ሁሌም አንድ የሚጠፋ ሰው አለ፤ ሁሌም የሚገኘው ሻይ ቤት ነው። የናሚቢያውም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ እዚያ የጠፋ ሰው ሻይ ቤት ውስጥ አይገኝም፤ አንበሳ ውስጥ ነው።»

የኛም ቡድን እንደ ማኅበር ነበር። ወፍ ብቻ የምትቆጥር ጡረተኛ አስተማሪ አለች፤ ዝሆን አጠገቧ ሲያልፍ ‹እባክህ ከፊቴ ዞር በል› የምትል። በየ5 ደቂቃው ‹አንበሳውስ?› የሚል ሰውዬ አለ፤ እንደ ተቀጠረ ሰው ሰዓቱን እያየ። እህቴ ደግሞ በየምሽቱ የሁሉንም የደም ግፊት ለካች። ጡረታ የወጣችው ከሆስፒታሉ እንጂ ከሥራው አይደለም።

«እሺ» አለች ባለ ጀበናዋ፣ «መንገዱስ ይሁን። አስጎብኚው ምን ያደርግልሃል? ዓይን የለህም?»

በዚህ ጥያቄ ደስ አለኝ፤ መልሱን በኪሴ ይዤ ነበር የመጣሁት።

ስዋኮፕሙንድ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ወጣ እንዳልን አስጎብኚው ሜዳ ላይ አቆመን። ወረድን። ‹ምን ታያላችሁ?› አለ። 12 ሰው፣ 24 ዓይን፣ መነጽሩ ሳይቆጠር፣ አየን። አሸዋ። ‹ቀስ ብላችሁ እግሬ አጠገብ እዩ› አለ። አሸዋ። ያ የአንበሳ ሰውዬ ‹ገንዘባችን የት ገባ› በሚል ፊት ዞር ሊል ሲል፣ አስጎብኚው በቀጭን ዘንግ ጫፍ ከጫማዬ አንድ ክንድ ላይ ጠቆመ። ሁለት የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ ነገሮች አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ጤፎቹ እያዩኝ ነበር። እፉኝት ናት። ቁመቷ ከስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ዓይኖቿ በጭንቅላቷ ጎን በመሆን ፈንታ አናቷ ላይ ናቸው፤ ገላዋን ቀብራ እነሱን ብቻ ታወጣለች። ከዚያ የጅራቷን ጫፍ እንደ ትል ታወዛውዛለች፤ ትል አገኘሁ ብሎ የመጣ እንሽላሊት ራሱ ምሳ ይሆናል።

«ልትረግጣት ነበር!» አለች ባለ ጀበናዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«አንድ እርምጃ ቀርቶኝ። ለዚህ ነው የተከፈለው። አሸዋው ነፃ ነው፤ እኛ የተከራየነው የሰውየውን ዓይን ነው።»

ዝም አሉ። ዝምታው ግን ወዲያው አለፈ፤ ረዳቱ አለና።

«ፋዘር፣ እባብስ ይሁን። ጅብም አየህ አሉ። ጅብ ለማየት አውሮፕላን? ማታ ገንዳው ጋ አንድ ቆሻሻ ይዘህ ቁም፤ ይመጣልሃል።»

«የኛ ጅብ አይጎበኝም፤ እሱ ነው እኛን የሚጎበኘን። ሐረር ሂድ፤ ስሙን ጠርተው በእጃቸው ያጎርሱታል፤ ቱሪስቱም ለዚያ ይከፍላል። አየህ? ጅቡ ያው ነው፤ የሚከፈለው ለሚያስተዋውቅህ ሰው ነው።»

«ሳላስ? አዋሽ ፓርክ ሞልቶ!»

«ሞልቶ! አይተኸዋል? ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ በአዋሽ በኩል አልፈሃል፤ አፍህን ከፍተህ ተኝተህ። የነሱ ሳላ የኛው ዘመድ ነው፤ አርማቸው ላይ አውጥተውታል። ሙቀቱ ሲበረታ ገላው እስኪግል ይተወዋል፤ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ግን በአፍንጫው በኩል በገባ አየር ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚደርሰው። ገላው ይግላል፣ አንጎሉ ይቀዘቅዛል። አንተ ጋ ተገላቢጦሽ ነው፤ እግርህ በረዶ፣ አናትህ ምድጃ።»

ረዳቱ እጅ አልሰጠም፤ እኔም አልቆምኩም። አስጎብኚው ያሳየንን በተራ አወረድኩላቸው።

አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ አለች። ከአትላንቲክ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጉም ሲነሳ ጠዋት ወደ አሸዋው ጫፍ ትወጣና በአናቷ ትቆማለች። ጉሙ ጀርባዋ ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ጤዛው ተንከባልሎ አፏ ውስጥ ይገባል። «ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር» አለች ባለ ጀበናዋ፣ «እሷን ነበር ማማከር።»

ሳር እየሰበሰቡ አንድ ግራር ላይ ጎጆ የሚቀጥሉ ወፎች አሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆነው በአንድ ጣሪያ ይኖራሉ፤ ለየቤተሰቡ የተለየ በር አለው፤ ጎጆው ለትውልድ ይተላለፋል፤ አንዳንዴም ከክብደቱ የተነሳ ዛፉን ይሰብራል። «ኮንዶሚኒየም!» አለ ረዳቱ። «ያውም ዕጣ ሳይጠብቁ የገቡበት።»

ዌልዊቺያ የምትባል ተክል አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የምታወጣው ሁለት ቅጠል ብቻ ነው። ነፋስ ይተለትላቸዋል፤ ከሥር ያድጋሉ፤ ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። ጋሽ ሾፌሩ ሱሪዬን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተም እኮ በሁለት ሱሪ ነው እዚህ የደረስክ። ያንተ ግን ከሥር አያድግም።»

ኬፕ ክሮስ የሚባል ቦታ ደግሞ በ1480ዎቹ ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ካኦ የድንጋይ መስቀል ተክሎበት ነበር (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ፤ አገሩም በዚያ ነው የሚቆጥረው)። ዛሬ የአቆስጣ መንጋ ሰፍሮበታል። ኦሪት ላይ ለድንኳኑ የተባለውን የአቆስጣ ቁርበት ታስታውሳላችሁ? ከሁሉ በላይ በውጭ በኩል ነው የሚደረበው። ኬፕ ክሮስን ያሸተተ ሰው ለምን ውስጥ እንዳልገባ ይገባዋል።

እስከዚህ ድረስ እየመራሁ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማሳየት ጀመርኩ፤ ተረበኛ የሚወድቀው ማስረጃ ሲያቀርብ ነው።

ረዳቱ በጣቱ እየገፋ አየና ቆመ። አንዲት ሴት፣ ጸጉሯ በቀይ አፈርና ቅቤ የተሠራ፣ ሕፃን ታቅፋ። «ይቺ የኛዋ ሐመር አይደለችም?»

«ሂምባ ናት። ሰሜን ምዕራብ ኩኔኔ በሚባለው ክልል ነው የሚኖሩት።»

«ከዝሆኑ በፊት ነው ወይስ ከዝሆኑ በኋላ ያሳዩዋችሁ?»

ማንም አልሳቀም። እሱም አልሳቀም። እውነቱን ልናገር? ከሰዓት ነበር፤ ዝሆን አይተን ስንመለስ። አስጎብኚው ሕግ ነበረው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ መቀመጥ፣ ፈቃድ ሳይጠየቅ ፎቶ የለም፣ የሠሩትን ጌጥ መግዛት። ደንቡ ደህና ነው። ግን 12 እንግዳ በአንድ ጊዜ ጓሮህ ቢወርድ፣ ደህና ደንብ ስለያዘ ሰልፍ መሆኑ ይቀራል? ኦሞ ሸለቆ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር ሲባል የሚሸማቀቀው ሆዴ እዚያም ተሸማቅቋል። ፎቶውን አሳልፌ ‹ይህንን ሰጥቻችኋለሁ› አልኩ።

መስጠቴ ካልቀረ ጨመርኩላቸው። ኤቶሻ የሚባለውን ትልቁን ፓርክ በ1907 የከለለው የጀርመን ገዥ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ ከ1904 ጀምሮ፣ እነዚያው ጀርመኖች ሄሬሮና ናማ የሚባሉትን ሕዝቦች በአሥር ሺዎች ጨርሰዋል፤ በጥይት፣ ወደ ውኃ አልባ በረሃ በማባረር፣ በማጎሪያ ካምፕ። ጀርመን የዘር ማጥፋት መሆኑን በይፋ የተቀበለችው በ2021 ነው። ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ሃይኦም የሚባሉ የሳን ሕዝቦችም በ1950ዎቹ እንዲወጡ ተደርገዋል። አስጎብኚው ይህንን የነገረን ስዋኮፕሙንድ ውስጥ፣ ያማሩ የጀርመን ቤቶች ፊት ለፊት፣ ኬክ እየበላን ነው። ኬኩን የጨረሰ አልነበረም። ብቻዬን ሄጄ ቢሆን ቤቶቹን ፎቶ አንስቼ ‹እንዴት ያምራሉ› ብዬ እመለስ ነበር።

ጋሽ ሾፌሩ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ገንዘቡስ? ለማን ገባ? የኛ ሰው ዝሆን ሲያይ የሚያየው የተበላ ማሽላውን ነው።»

«እዚህ ላይ ነው ሥራ የሠሩት፣ ጋሼ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አደኑ እንስሳቱን ሊጨርሳቸው ሲል፣ የየመንደሩ አለቆች ከራሳቸው ሰው ጠባቂ መረጡ፤ ከቀድሞ አዳኞች ጭምር። ከነፃነት በኋላ በ1996 ሕግ ወጣ። መንደሩ ተደራጅቶ ክልሉን ካስመዘገበ ከአውሬው የሚገኘው ጥቅም የሱ ነው፤ ሎጅ ቢሠራ ድርሻ፣ ሥራ ቢከፈት ለልጁ። በ1998 በ4 ማኅበር ተጀመረ፤ ዛሬ 86 ናቸው፤ የአገሩን አንድ አምስተኛ ያህል ይዘዋል። በዓለም ካለው ጥቁር አውራሪስ ሲሶው ገደማ እዚያ አገር ነው። ሌባ እንዳይገድለው ብለው የአንዳንዱን ቀንድ ራሳቸው ጠባቂዎቹ ቆርጠውታል።»

«ቀንድ የሌለው አውራሪስ?» አለች ባለ ጀበናዋ። «ታዲያ ጎዳ በሬ አላየህም?»

«እኛ ጋ እኮ ተገላቢጦሽ ነው የቀረው። ቀንዱ ዋንጫ ሆኖ ግድግዳ ላይ አለ፤ አውራሪሱ የለም።»

ይቺ ገባች። አጠናከርኳት፦ «አቦሸማኔን እዩ። ናሚቢያ ውስጥ በ1990 የተቋቋመ የአቦሸማኔ ማዕከል አለ፤ ያው ማዕከል ዛሬ ሶማሌላንድ ድረስ መጥቶ ግልገል ያሳድጋል። የማን ግልገል መሰላችሁ? ከኛና ከጎረቤቶቻችን በረሃ ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ በባለጸጋ ግቢ ሊታሰር ሲል የተያዘ። እኛ ለዐረብ አገር ቪዛ ስንሰለፍ አቦሸማኔያችን ያለ ፓስፖርት ይሻገራል።»

ባለ ጀበናዋ ግን የሬዲዮ ዜና አይስታትም። «ቆይ ቆይ። እነዚህ ጠባቂዎችህ አይደሉም እንዴ በድርቁ ጊዜ ዝሆን አርደን እንበላለን ያሉት?»

«መንግሥታቸው ነው። በ2024። 723 እንስሳ፤ 83ቱ ዝሆን፣ 300ው የሜዳ አህያ።»

«ታዲያ ጠብቀው ጠብቀው በሉት!»

«አንቺ የፋሲካ ዶሮሽን የምትጠብቂው ልትድሪያት ነው?»

ሸራው በሳቅ ተናጠ። ጥያቄዋ ግን ሳቅ አይዘጋውም። ብዙ ዓለም ተቆጥቷል፤ የተራበው ሰው ግን ሥጋውን ወስዷል። ዝሆኑም የተራበውም ሰው አገራቸው ውስጥ ናቸው፤ እኔ የ2 ሳምንት እንግዳ ነኝ።

«በመሠረቱ» አለ ረዳቱ ተራ ሊደርሰው ሲል፣ «ናሚቢያ ምናችን ናት?»

«ደንበኛችን ናት። ጥብቅና ቆመንላታል።» ጋሽ ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያስታውሳሉ። «በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ ከሰሷት፤ በአደራ በያዝሽው አገር ላይ አፓርታይድ ጫንሽበት ብለው። 6 ዓመት ተሟገትን። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉና የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ሚዛኑን ደፋው፤ ‹እናንተን አይመለከታችሁም› ተብለን ተሸኘን። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አደራውን ሻረ። ነፃነቱ ግን እስከ 1990 ቆየ። አስጎብኚው ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሲሰማ ይህንን ለቡድኑ ተረከው። 10 ፈረንጅ ዞሮ እኔና እህቴን አየን። አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት ያልቆምኩት ሰውዬ አንገቴን አቀናሁ።»

ረዳቱ አሰበ። «ታዲያ ለጠበቃ ቅናሽ አላደረጉላችሁም?»

«እሱ ራሱ ቅናሽ አይደል እንዴ!» አለች ባለ ጀበናዋ።

ወደቅኩ። ሁለተኛው ሲኒ ቀረበ።

«ከሁሉ የቱ ነው ያልረሳኸው?» አሉ ጋሽ ሾፌሩ፣ አሁን ያለ ተረብ።

«ዝምታው» አልኳቸው። ኤቶሻ ውስጥ ኦካኩዮ የሚባል ማረፊያ አለ። ከግቢው ጫፍ ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር፤ ከአጥሩ ማዶ አንድ የውኃ ጉድጓድ፤ ላዩ ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት። የነሱ ክረምት ደረቅ ነው፤ ሜዳው ላይ ያለው ውኃ ሲነጥፍ አውሬው ሁሉ ወደ ቀረችው ጉድጓድ ይሰበሰባል። ሌሊት ሆነ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። በረድፍ የተቀመጥን ብዙ ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበናል፤ የሚተነፍስ እንጂ የሚናገር የለም። ‹አንበሳውስ?› የሚለው ሰውዬ እንኳ ዝም ብሏል። አንዲት አውራሪስ ከጨለማው ወጣች፤ ግልገሏ ከኋላዋ። 3 እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ አየሩን አሸተተች። ውኃው ጠርዝ ስትደርስ ግልገሉ እናቱ ሆድ ሥር ገባ። ሲጠጡ ይሰማ ነበር። ቆይተው ዝሆኖች መጡ፤ እግራቸው ኮቴ የለውም፤ ድንገት ግድግዳ ቆሞ ታገኛለህ። እህቴ ክንዴን ጨብጣ ጆሮዬ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፦ ‹ተረኛ ነኝ›። ያን ሁሉ ዓመት ሌሊቱን የታመመ ስትጠብቅ ኖራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤነኛ ነገር እየጠበቀች አነጋች።

ዝናቡ ቀለል አለ። ጋሽ ሾፌሩ ሲኒውን አስቀመጡ።

«እኔም አንድ ልናገር። ሰርዶ አጠገብ ሞተር ነክሶብኝ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ። አንድ የአፋር ልጅ ወተት እያመጣልኝ ከጥላው ሥር አብሮኝ ይቀመጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ግራጫ አህያ መጣች። ጭነት የላት፣ ልጓም የላት። የማን ናት ብዬ ባለቤቷን በዓይኔ ፈለግኩ። ልጁ ‹እግሯን እየው› አለኝ። እግሯ እንደ ካልሲ ተሸንትሯል፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ‹ጌታ የላትም፤ የዱር ናት› አለኝ። ያኔ አላወቅኩም፤ ኋላ ነው የሰማሁት፤ ዛሬ ከኛና ከኤርትራ በረሃ ሌላ በዱር እምብዛም አትገኝም አሉ። ቆመች። ብዙ ቆመች።» ወደ እኔ ዞሩ። «በረሃው ነው ያየዎት አላልክም? እሷም አየችኝ፤ እኔም አየኋት።»

አፌ ውስጥ መልስ ፈለግኩ። ጨለማ ነበር፤ ጉድጓዱም ደርቋል።

ረዳቱ ብድግ ብሎ ከሸራው ጠርዝ ቆመ፤ አንድ እጁ የሌለውን በር ያዘ። «አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ! አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ! አስጎብኚ ጋሽ ሾፌሩ! ሁለት ሰው የቀረ!»

«እኔን መዝግቡኝ» አለች ባለ ጀበናዋ በረካውን እየቀዳች። «ክፍል ግን ለብቻዬ፤ ቅጣቱን እከፍላለሁ። ቅናሹ ያንኮራፋል።»